የጉም ጉርሻ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ትመጣላችሁ፤ ከመጣችሁ ደግሞ ሳትለመኑ አትበሉም፣ ልመናው የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። አሁንም ሥራ በዝቶብኛል።

ስሜ አንጓች ነው። ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ሞክሬ ትቼዋለሁ። የተውኩት ከብዶኝ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ከተማ መምህሩ ሲጠይቅ መልሱን የሚያውቅ ልጅ ሁለት ጊዜ "አላውቅም" ብሎ ተግደርድሮ በሦስተኛው ነው የሚመልሰው። የማያውቀውም እንደዚያው "አላውቅም" ይላል። ማን እንደሚያውቅና ማን እንደማያውቅ ሳይለይ ዓመቱ ያልቃል። ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት እንደሆነ አራት ዓመት ተግደርድረን ወጣን።

ሕጋችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሌላ ሰው አጠገቡ እያለ ማንም ለብቻው ወደ አፉ የሚያስገባው ነገር የለም። ውሃም ይሁን ቆሎ መጀመሪያ ለጎረቤቱ ያቀርባል። ሁለተኛው፣ የቀረበለት ሰው ወዲያው እሺ አይልም። ሁለቴ "ይቅርብኝ" ይላል፤ በሦስተኛው "እንግዲህ ካላችሁ" ብሎ ይቀበላል። በመጀመሪያው ልመና እሺ ያለ ሰው ስሙ ስግብግብ ነው፤ ልጆቹን የሚያገባለት አያገኝም። ሁለቴ ብቻ ለምኖ የተወ ጋባዥ ደግሞ ከስግብግቡም ይብሳል፤ እሱን የሚቀብረው አይገኝም።

የዚህ ሕግ ጠባቂ ሹም ልየው ይባላሉ። የማጋራት ሹም ናቸው። እጀታው ክንድ የሚያህል ጭልፋ ቀበቷቸው ላይ ሰክተው በምሳ ሰዓት በየሰፈሩ ይዞራሉ። በር አያንኳኩም፤ በጭልፋው ገፋ አድርገው ያያሉ። ብቻውን ሲበላ የተገኘ ሰው ገበያ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያጎርሰው ይውላል። እስካሁን ሁለተኛ ጊዜ ያጠፋ የለም።

የእኔ ሙያ ግድ ባይነት ነው። ሠርግ ወይም ልቅሶ ያለበት ሰው እንግዳውን ሁሉ ደጋግሞ ለምኖ አይዘልቀውም፣ ድምፁም ይዘጋል፤ ስለዚህ ግድ ባይ ይጠራል። "ብሉ እንጂ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን" እያልን በየገበታው እንዞራለን። ሰው ቀላል ሥራ ይመስለዋል። ዋናው ሙያ ግን ልመናው አይደለም፤ የመግደርደር እምቢታን ከእውነተኛ እምቢታ መለየት ነው። ሦስተኛው ልመና ከመጣ በኋላ እምቢ ማለት አይቻልም። በእውነት የጠገበን ሰው ሦስተኛ የለመነ ግድ ባይ ሰው ይገድላል። ሆኗልም። ሟቹ አመስግኖ ነው የሞተው።

መለያውን ያስተማረችኝ እህቴ ተዋበች ናት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እታለም እላታለሁ። የሚግደረደር ሰው፣ አለችኝ፣ መጀመሪያ የቀረበለትን ነገር ያያል፣ ከዚያ ወለሉን። በእውነት እምቢ የሚል ሰው ግን የሚያየው አንቺን ነው። ሌላ ትምህርት አልሰጠችኝም፤ ሌላም አላስፈለገኝ። እታለም ራሷ በመግደርደር የከተማው አንደኛ ናት። ልጅ ሆና ወንዝ ወስዷት፣ ሰዎች ከዳር ሆነው እጃቸውን ሲዘረጉላት ሁለቴ "ይቅርብኝ" ብላለች ይባላል። በሦስተኛው ያዘች። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ሲመክሩ እስከ ዛሬ ይህን ያነሳሉ።

እንግዲህ በአንዱ ክረምት አፋኙ የምንለው በሽታ ገባ። ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል። ከዚያ ትኩሳት ነው፣ ከዚያ ሳንባ ላይ ይወርዳል። ሰውየው ተኝቶ እያለ ዳገት እንደሚወጣ ሁሉ እያንዳንዷን ትንፋሽ ይታገላታል። ከንፈሩ ይጠቁራል። የሚተርፈው ይተርፋል፣ የማይተርፈው አይተርፍም።

ከወንዙ ማዶ ትርንጎ የምትባል ሐኪም በታንኳ መጣች። ፊት ለፊት "እርስዎ" ነበር የምላት፤ ግን ወጣት ናት፣ አሁን ደግሞ ማዶ ስላለች አትሰማኝም፣ እዚህ "እሷ" ብላት አትቀየሙኝ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር ነው፣ በትንፋሽ ይገባል ብላ ለሹማምንቱ አስረዳች። ሲገባ ተጋብዞ እንደሆነ ጠየቋት። ማንም አልጋበዘውም አለች። እንግዲያው ባለጌ ነው ብለው ፈረዱበት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቫይረሱ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም።

ሐኪሟ ይዛ የመጣችው ብዙ ጠርሙስ፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጭምብልና በእግር የሚረገጡ ትናንሽ ማሽኖች ነው። የጠርሙሱ ፈሳሽ ማሽኑ ውስጥ ይጨመርና ሲረገጥ ጉም ይሆናል፤ ጉሙ በቱቦ ወደ ጭምብሉ ይሄዳል፣ በሽተኛው ይስበዋል። መድኃኒቱ በሆድ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ሳንባ ይደርሳል ማለት ነው። ይሠራ እንደሆነ ግን ገና አይታወቅም፤ የመጣችው ያንን ለማወቅ ነው። ስለዚህ ከጠርሙሶቹ ግማሾቹ መድኃኒት፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ናቸው። መልካቸው አንድ ነው፣ ልዩነታቸው ላያቸው ላይ ያለው ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ማዶ የቀረ አንድ ባልደረባዋ ብቻ ነው። እሷም አታውቅም፣ በሽተኛውም አያውቅም። መድኃኒት የሳቡት በልጠው ከዳኑ መድኃኒቱ ይሠራል ይባልና ቁጥሩ ይገለጣል፤ የጨው ውሃ የደረሳቸውም ያን ጊዜ መድኃኒቱን ያገኛሉ።

ሹማምንታችን ይህን አሠራር ወዲያው ወደዱት። ሳያውቁ መሥራት እንደ ሙያ የሚቆጠርበት አገር ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

ችግሩ የጀመረው ፈቃድ መጠየቁ ላይ ነው። ሐኪሟ ደንብ አላት። በሽተኛው በገዛ ፈቃዱ እሺ ካላለ አይሞከርበትም፣ እሺ እንዲልም አይገፋፋም። በመጀመሪያው ቀን በሽተኞቹ በተሰበሰቡበት የከተማው አዳራሽ ውስጥ የተኙትን ሁሉ እየዞረች አስረድታ ጠየቀች። ሁሉም "ይቅርብኝ" አሏት። እሷም "ምርጫዎ ነው" ብላ እያመሰገነች ወደሚቀጥለው አለፈች። ስትጨርስ አዳራሹ ኩርፊያ በኩርፊያ ሆነ። በር ሥር የተኙት እማማ ጥጊቱ እያለከለኩ ለጎረቤታቸው፣ "ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? አንዴ ጠይቃ ጥላኝ ሄደች" ሲሉ ሰማሁ። እኔ እዚያ የተገኘሁት ለበሽተኞቹ ሾርባ ግድ ለማለት ነበር።

ሐኪሟ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ይዛለች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩና ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በእውነት እምቢ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ነገርኳት።

"ሌሎቹስ?" አለችኝ።

"እየጠበቁዎት ነው።"

ብዙ አሰበች። መለመን አትችልም፣ ደንቧ ነው። ሳትለምን ደግሞ እሺ የሚላት የለም። በመጨረሻ የደረስንበት እንዲህ ነው። እሷ ትጠይቃለች፤ እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜ የበሽተኛውን ዓይን አይና "የመግደርደር ነው" ወይም "የእውነት ነው" እላለሁ። የመግደርደር ነው ካልኩ በትክክል እንደተረዳችው ለማረጋገጥ እንደገና ትጠይቃለች። ደንቧም አልተጣሰ፣ ሕጋችንም አልተጣሰ። እኔም የሕክምና ሰው ሆንኩ። ሰፈር ውስጥ "ሐኪም አንጓች" እያሉ የሚያበሽቁኝ ነበሩ፤ እኔ ግን ሁለቴ ተግደርድሬ በሦስተኛው ስሙን ተቀበልኩ።

ጉሙ ተሳበ። እየተፈራረቁ የሚረግጡት ዘመዶች ናቸው። ከበሽተኞቹ የዳነ ዳነ፣ የሞተ ሞተ። ጊዜው ሲደርስ ባልደረባዋ ከማዶ መጥቶ ቁጥሩን ገለጠ፣ ሁለቱ ተቀምጠው አስተያዩት። ልዩነት የለም። መድኃኒት የደረሳቸውም የጨው ውሃ የደረሳቸውም እኩል ድነው እኩል ሞተዋል። ባልደረባዋ ታንኳው ጋ ቆሞ ውሃውን ያይ ነበር።

ሹማምንቱ ግን ደስ አላቸው። የጨው ውሃ ከመድኃኒት እኩል መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል ብለው አዋጅ አስነገሩ። በየቤቱ ጨው ተፈልቶ እንፋሎቱ እንዲሳብ ታዘዘ። ሕዝቡም አፈላ። ምንም አልሆነም። ምንም አልሆነም ብለው አቤት ያሉ ነበሩ፤ ምንም አለመሆኑ ከመድኃኒቱ ጋር እኩል እንደሆነ ተነገራቸውና ተመለሱ።

ሐኪሟ ዕቃዋን ስትሸክፍ ጭምብሎቹን እያጠብኩ አግዛት ነበር። ፊቷ ስላሳዘነኝ ላጫውታት ብዬ፣ እማማ ጥጊቱ ተጎርሰው ተጎርሰው "ጉም ጠገብኩ" እስከ ማለት ደርሰው እንደነበር አወራሁላት። ሳቀች። ከዚያ ማቋረጧን አየሁ።

"ማን ነው ያጎረሳቸው?" አለችኝ።

"ሁሉም ነዋ።"

"ጉሙን?"

"ሌላ ምን አላቸው?"

እሷ አዳራሹ ውስጥ እያለች አንድም ሰው ጭምብሉን ለሌላ ሲሰጥ አላየችም። እንዴት ታያለች? እንግዳ ናት። እንግዳ ለብቻችሁ ሳቡ ካለ እሱ ፊት ለብቻ ይሳባል፤ የእንግዳን ቃል መተላለፍ ነውር ነው። በሩን ዘግታ ስትወጣ ነው ቤተኛው ቤተኛ የሚሆነው። ጭምብሉ ከአልጋ አልጋ ይዞራል፣ "በሞቴ አንዴ ሳቡልኝ" ይባላል፣ ይግደረደሩታል፣ ይስቡታል፣ በተራቸው የራሳቸውን ይጋብዛሉ። በዕድሜ የገፉት ብዙ ይደርሳቸዋል፤ እማማ ጥጊቱ ከራሳቸው ይልቅ የሰው ሲስቡ ነበር የሚውሉት።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አንጓች?"

"ምኑን? ሰው ናቸው እኮ ሐኪም። አጠገባቸው ሰው እያለ ብቻቸውን ይሳቡ? ጅብ ናቸው?"

ጭምብሉን ከእጇ አስቀመጠችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መሳቋ ይሁን ማልቀሷ መለየት አቃተኝ፤ ሙያዬ እምቢታ ብቻ ነው። ሲለቃት አስረዳችኝ። ሁሉም ከሁሉም ከሳበ፣ ሁሉም ግማሽ መድኃኒት ግማሽ የጨው ውሃ ነው የሳበው። ሁሉም በግማሽ ታክሟል። መድኃኒቱ ሠርቶ ይሁን ሳይሠራ ቀርቶ ከእኛ ከተማ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የቀራት ጠርሙስ ጥቂት ነበር። ባልደረባዋ ማዶ ተሻግሮ አለቆቻቸውን ለመነላትና አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ትሞክር ተባለ፤ ለቀሩት ጠርሙሶችም እሱ ብቻ የሚያውቀው አዲስ ቁጥር ለጠፈላቸው። ይህም ከተበላሸ መድኃኒቱ ይጣላል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው የለም። እሷም ወደ ሹማምንቱ ሄዳ በአልጋዎቹ መሐል መጋረጃ ይሰቀልልኝ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይሳብ ብላ ጠየቀች።

ሹም ልየው ተቆጡ። ለብቻ መሳብ ለብቻ መብላት ነው አሉ። ሹማምንቱ ግን የሕግ ሰዎች ናቸው፤ ጉም ምግብ ነው ወይስ መጠጥ ብለው ክርክር ያዙ። አይታኘክም፣ ስለዚህ ምግብ አይደለም። አይዋጥም፣ መጠጥም አይደለም። አፍ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ በአፍ ይወጣል፤ እንዲህ የሚያደርገው ነገር ንግግር ነው። ብቻውን የሚናገር ሰው ደግሞ እብድ ቢሆን እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። ስለዚህ ተፈቀደ። ሹም ልየው ጭልፋቸውን መዝዘው ጠረጴዛውን መቱና፣ "ዛሬ ጉም ነው፣ ነገ እንጀራ ነው" ብለው ወጡ።

መጋረጃው በተሰቀለ ሰሞን እታለም አሳላት።

ጉንፋን ነው አለች። ትኩሳቱም ሲመጣ ጉንፋን ነው አለች። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ተነስታ በር ድረስ መድረስ ሲያቅታት አቅፌ አዳራሹ ወሰድኳት። እህቴ ትልቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን አልከበደችኝም፣ ያ ነው ያስደነገጠኝ። ሐኪሟ አስረድታ ጠየቀቻት። እታለም ጭምብሉን አየች፣ ከዚያ ወለሉን፣ "ይቅርብኝ" አለች። የመግደርደር ነው አልኩ። በሦስተኛው "እንግዲህ ካላችሁ" አለችና ጠርሙስ ደረሳት።

የምረግጥላት እኔ ነበርኩ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እያየሁ እረግጣለሁ። ወደ ብርሃን አንስቼ አይቼዋለሁ፣ አሽትቼዋለሁ፣ ሐኪሟ ዘወር ስትል በጣቴ ነክቼ ቀምሼዋለሁም። መድኃኒቱም ጨዋማ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው፤ እነዚህ የማዶ ሰዎች እንደኔ ያለውን ሰው ቀድመው አስበውበታል።

ከእኛ ቀጥሎ ያለው አልጋ ባዶ ነበር። እዚያ ላይ ማን ተኛ ብትሉኝ፣ ሹም ልየው። አፋኙ ሹመት አይመርጥም። ጭልፋቸውን ታቅፈው መጡ፤ የሚረግጡላቸው ሚስታቸው ናቸው። እሳቸውም ተግደርድረው ቁጥር ያለበት ጠርሙስ ደረሳቸው። በመሐላችን ያለው አንድ ነጭ አንሶላ ብቻ ነው። ሹሙ ያለማቋረጥ ይስላሉ፤ እታለም ደግሞ ዝም ብላለች። ማሳል መሻል ይሁን መባስ፣ ዝምታስ መሻል ይሁን መባስ፣ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሐኪሟን ብጠይቃት እሷም አታውቅም። የማያውቁ ሰዎች አዳራሽ ሙሉ ተሰብስበን እንረግጣለን።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በመጋረጃው ስንጥቅ የጭልፋ ጫፍ ብቅ አለ። ገፋ አደረገው። ሹም ልየው አልጋቸው ላይ በክርናቸው ተደግፈዋል፣ ፊታቸው በላብ ርሷል፣ በሌላው እጃቸው ጉሙ የሚወጣበትን ጭምብል ወደ እታለም ዘርግተዋል።

"ተዋበች ልጄ፣" አሉ፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሱ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በር ስገፋ ኖሬ፣ አሁን ጎረቤቴ እየሰማችኝ ብቻዬን ስስብ ልሙት? በሞቴ፣ አንዴ ሳቢልኝ።"

ማሽን የሚረግጥ ሰው ሁሉ አቆመ። ከዚያ ወዲህም ወዲያም መጋረጃዎች መነቃነቅ ጀመሩ፤ የማጋራት ሹም ከጋበዙ ማን ይቀራል? ሐኪሟ ከወዲያኛው ጫፍ እየሮጠች መጣች። የሹሙን እጅ ትይዛለች ብዬ ነበር፤ አልያዘችም። የሰው እጅ መያዝ ደንቧ አይፈቅድም።

"ይቅርብኝ ጋሼ ልየው" አለች እታለም። ዓይኗ ተጨፍኗል።

"አፈር ስሆን።"

"ይቅርብኝ።"

ሹሙ ለሦስተኛው አየር ሲሰበስቡ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች።

"አንጓች፣ የቱ ነው? የእውነት ከሆነ መጋረጃውን እዘጋለሁ። የመግደርደር ከሆነ መብቷ ነው፣ ትሳብ፤ እኔም ዕቃዬን እሰበስባለሁ።"

እታለምን አየኋት። የተጨፈነ ዓይን ጭምብልም አያይም፣ ወለልም አያይም፣ ሰውም አያይም። እታለም ራሷ ያስተማረችኝ ሙያ በራሷ ፊት ላይ አልሠራ አለ። በሹሙ እጅ ያለው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ አንዴ ብትስበው ያተርፋት ይሆናል። ደግሞ የሹሙ የጨው ውሃ፣ የእሷ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሰው ከሳበች የራሷን መጋበዝ ግዴታዋ ነው፣ መድኃኒቷ በአልጋው ሁሉ ዞሮ ያልቃል። ሐኪሟም ትሄዳለች፣ ጠርሙሱም ይሄዳል፣ ለሚቀጥለው ክረምት የሚቀረን የፈላ ጨው ነው።

ስለዚህ በከተማችን ማንም አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረግኩ። ጎንበስ ብዬ ጠየቅኳት።

"እታለም፣ የመግደርደር ነው የእውነት?"

ሰው ፊት ልብሷን የገፈፍኩ ያህል ነው የተቆጠረው። ከአንዱ መጋረጃ ጀርባ "ስድ" የሚል ድምፅ መጣ። የእታለም ከንፈር ተነቃነቀ።

"የእውነት ነው" አለች።

የሚግደረደር ሰው ቢጠየቅ የሚመልሰውም ይኸንኑ ነው። ይህንን አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው። ሐኪሟ ትጠብቀኛለች። ጉሙ ከሹሙ ጭምብል እየወጣ ለማንም ሳይደርስ ወደ ጣሪያ ይሄዳል።

"የእውነት ነው" አልኩ።

ሐኪሟ መጋረጃውን ዘጋች። ሹም ልየው ሦስተኛውን አልለመኑም፤ ግድ ባይ የእውነት ነው ካለ በኋላ መለመን ነፍስ ማጥፋት ነው፣ እሳቸው ደግሞ የሕግ ሰው ናቸው። ጭምብላቸውን መልሰው ለብቻቸው ሲስቡ ሰማኋቸው። የሌሎቹም መጋረጃ አንድ በአንድ ረጋ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ መርገጥ ጀመረ፤ እኔም ረገጥኩ።

ከዚያ በኋላ እታለም አላናገረችኝም። ተቀይማኝ ነው ብዬ ነበር፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው። ከንፈሯ ጠቆረ። ወደ ላይ የሚጎትታት ነገር ያለ ይመስል በየትንፋሹ አንገቷ ይነሳል። እግሬ ያብጣል፣ እረግጣለሁ። ሌላው እግሬ ያብጣል፣ ቀይሬ እረግጣለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ የሹሙ ሳል እየቀለለ መጣ። አንድ ጠዋት ሚስታቸውን ቁርስ ብይ እያሉ ግድ ሲሉ ሰማሁ።

ያን ዕለት ባልደረባዋ ወንዙ ሞልቶ እያለ በታንኳ ተሻገረ። ካባው ውሃ ይንጠባጠባል። ሐኪሟ የላከችለትን የበሽተኞች መዝገብ አይቶ፣ በቁጥሮቹ መሐል ያለው ልዩነት እስከ መጨረሻው የሚያስጠብቅ ሆኖ አላገኘውም፤ አንደኞቹ ይነሳሉ፣ ሌሎቹ ይወድቃሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ይገለጥ አለ። አዳራሹ መሐል ቆሞ አልጋ በአልጋ ተናገረ። የሹም ልየው መድኃኒት ነው። የእታለም የጨው ውሃ ነው።

ያን ሁሉ ቀን የረገጥኩላት የጨው ውሃ ነው።

ሐኪሟ አዲስ ጠርሙስ ይዛ ሮጠች፣ ማሽኑ ውስጥ ጨመረችው፣ "ርገጪ" አለችኝ። እግሬ እምቢ አለኝ። የእውነት እምቢ ነበር። እሷው ራሷ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ረገጠች። ጉሙ መጣ። እንደ በፊቱ ያለ ጉም ነው፤ በዓይን ምንም አይለይም።

እታለም ተረፈች። ቶሎ አይደለም፤ ግን ተረፈች። የጨው ውሃ ከደረሳቸው ሁሉም አልተረፉም፤ እማማ ጥጊቱን በመጀመሪያው ሙከራ ያተረፋቸው የሰው ጉም ይሁን የራሳቸው ዕድሜ እስከ ዛሬ የሚነግረን የለም፤ እሳቸው በየልቅሶው እየተገኙ "ተጎርሼ ዳንኩ" ይላሉ።

መድኃኒቱ በታንኳ ይመጣልን ጀመር። ሐኪሟ ስትሄድ ሁለቴ "ይቆዩ" አልኳት፣ ሁለቴ "መሄድ አለብኝ" አለችኝ፤ እኔን ነበር የምታየው፣ ስለዚህ ሦስተኛውን ተውኩት። ሹማምንቱ የዳነው ሕዝብ የዳነው በመጋረጃው እንደሆነ አወጁ። አሁን ሠርጉም ልቅሶውም በመጋረጃ ነው፤ እያንዳንዱ እንግዳ አንሶላ ተጋርዶለት ይበላል። ሹም ልየው የመጋረጃ ሹም ተብለዋል። ያንኑ ጭልፋ ይዘው እየዞሩ ክፍት የተተወ መጋረጃ ይዘጋሉ። የጨው ውሃውን አዋጅ የሻረው ስለሌለ እሱም ይፈላል። እኔ ከጨርቁ ውጭ ሆኜ እየጮህኩ እለምናለሁ። የሰው ዓይን አይታየኝም፣ እምቢታው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሥራ የበዛብኝ ለዚህ ነው። ከከተማችን ሰው ሲሞት የጠገበ ይሁን የተራበ አይታወቅም።

ቤታችን ግን መጋረጃ የለም። እታለም ከአዳራሹ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ መቀመጥ በቻለች ሰሞን አጥሚት ሠራሁላት። ጉንጯ ገብቷል፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አያልፍም።

"ጠጪ" አልኳት።

"ይቅርብኝ።"

"ጠጪ እንጂ፣ ለአንቺ ብዬ ነው የሠራሁት።"

"ይቅርብኝ።"

ሦስተኛውን ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የነበረውን አወጣሁት።

"እታለም፣ ያን ዕለት ያልሽው የእውነት ነበር?"

ከውጭ የሹሙ ጭልፋ የሰው መጋረጃ ሲነካ ይሰማል።

"ጋሼ ልየው ስንቴ ነበር የለመኑኝ?" አለች።

"ሁለቴ።"

አጥሚቱን አየች፣ ከዚያ ወለሉን።

ሳይቀዘቅዝ ሦስተኛውን ለመንኳት።